የተነበበው ፍርድ የተፈረደው ስለ መሆኑ ማን ይመሰክራል?

የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በድረ ገጽ መውጣትና የመታመናቸው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገና በችሎት ያልተነገረ ውሳኔ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ተነሣ። ጉዳዩ በአይዳሆ ክፍለ ግዛት የፅንስ ማቋረጥ ክልከላና በፌዴራሉ መንግሥት የድንገተኛ ሕክምና ሕግ መካከል የተነሣ ክርክር ነበረ። ሰነዱ ከገጹ ከመውረዱ በፊት ብሉምበርግ የተባለው የዜና ተቋም ቅጂውን አግኝቶ አሰራጨው። የፍርድ ቤቱ ቃል አቀባይም የኅትመት ክፍሉ አንድን ሰነድ በስሕተት ለአጭር ጊዜ እንደ ጫነ አመኑ፤ ውሳኔው ግን ገና እንዳልተሰጠ ገለጡ። በማግሥቱ ውሳኔው በይፋ ወጣ። በመካከሉ ባለፈው አንድ ቀን ዓለም ያነበበው ጽሑፍ ምን ይባላል? ፍርድ እንዳይባል አልተነገረም፤ ሐሰት እንዳይባል ከፍርድ ቤቱ ገጽ የተገኘ ነው።

ጥያቄው የአንድ ሀገር ብቻ አይደለም። በሀገራችንም የፍርድ ቤት ውሳኔ ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ ወደ እጅ ስልክ እየተሻገረ ነው። የውርስ፣ የጋብቻ፣ የይዞታ ወይም የሥራ ክርክር ያለበት ምእመን ጠበቃ ዘንድ ከመሄዱ በፊት በስልኩ የደረሰውን ውሳኔ ያነብባል፤ ተስፋ ያደርግበታል፤ አንዳንዴም ገንዘብ ያወጣበታል። ስለዚህ ውሳኔዎች በድረ ገጽ የሚወጡበት ሥርዓት የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

ስለ ሰነድ ደኅንነት ሲነገር ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን መደበቅና መቆለፍ ነው። ለፍርድ ጽሑፍ ግን መቆለፍ የሚያስፈልገው እስከሚነገርበት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደኅንነት ማለት ማንኛውም አንባቢ በእጁ የገባው ጽሑፍ በእርግጥ ፍርድ ቤቱ የተናገረው መሆኑን ራሱ ማረጋገጥ መቻሉ ነው። ይህን ለመረዳት የፍርዱን ጉዞ ከረቂቅ እስከ አንባቢ እጅ ደረጃ በደረጃ መከተል ይጠቅማል።

ከመነገሩ በፊት

ያልተነገረ ፍርድ ረቂቅ ነው። ዳኞች ረቂቁን ይለዋወጣሉ፣ ይተቻቻሉ፣ ሐሳባቸውንም ሊለውጡ ይችላሉ። ረቂቁ አስቀድሞ ከወጣ ዳኛው ሐሳቡን በነጻነት ለመለወጥ ይቸገራል፤ ተከራካሪውም፣ ነጋዴውም፣ ፖለቲከኛውም ባልጸና ቃል ተነሥቶ እርምጃ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2022 ፖለቲኮ የተባለው የዜና ተቋም ዶብስ በሚባለው ጉዳይ የተዘጋጀውን ረቂቅ ባወጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ታይቷል። ፍርድ ቤቱ በማግሥቱ ረቂቁ እውነተኛ መሆኑን፣ ነገር ግን የመጨረሻ ውሳኔ አለመሆኑን አስታወቀ። ውሳኔው የተነገረው ጁን 24 ቀን ነበረ።

የዚያ ምርመራ ውጤት በጃንዋሪ 2023 ሲወጣ 97 ሠራተኞች ቢጠየቁም ረቂቁን ያወጣው ሰው አልታወቀም። ከሪፖርቱ የሚገኘው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ከዳኞቹ ሌላ 82 ሠራተኞች ረቂቁን በኤሌክትሮኒክ ወይም በወረቀት ማግኘት ይችሉ ነበር፤ ማተሚያዎቹም ማን ምን እንዳተመ በሚገባ የሚመዘግቡ አልነበሩም። ብዙዎች ስለ ኮምፒውተር ሌቦች ሲጨነቁ የጓዳው በር ክፍት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ረቂቅን የሚጠብቁት የቆዩ ቀላል ሥርዓቶች ናቸው፤ የሚያዩትን እጆች ማሳነስ፣ የነካውን ሁሉ መመዝገብ፣ ረቂቁ የሚጻፍበትን ኮምፒውተር ሕዝብ ከሚያየው ሰርቨር ፈጽሞ መለየት።

የውጭው ሥጋትም ቀላል አይደለም። ሶላርዊንድስ በተባለው ሶፍትዌር በኩል የተፈጸመው ሰፊ የመረጃ ጥቃት ከታወቀ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች እጅግ ምስጢራዊ ሰነዶች በወረቀት ወይም በፍላሽ ብቻ እንዲቀርቡና ከኔትወርክ በተለየ ኮምፒውተር እንዲቀመጡ ወሰኑ። በኦገስት 2025ም የመዝገብ አስተዳደር ሥርዓታቸው በረቀቁ ጥቃቶች መነካቱን ገልጠው ጥበቃቸውን እንደሚያጠናክሩ አስታወቁ። እጅግ የረቀቀ ቴክኖሎጂ ያለው ሀገር ወደ ወረቀት መመለሱ ሊያሳፍር አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ሰነድ ተገቢውን ቦታ መምረጥ የጥበብ መጀመሪያ ነውና።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ አላቸው። ፍርዱ ከመነገሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ረቂቁ ለተከራካሪዎች ጠበቆች በምስጢር ይሰጣል፤ የጽሕፈት ስሕተት ካለ እንዲያመለክቱ ነው። ምስጢሩን ያፈረሰ ግን ፍርድ ቤትን በመድፈር ይጠየቃል። በዲሴምበር 2020 ስለ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የተሰጠውን ፍርድ ከመነገሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ለሕዝብ ያወጣ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች በቀጣዩ ዓመት 5,000 ፓውንድ ተቀጥቷል።

በሚነገርበት ሰዓት

ሁለተኛው ደረጃ ፍርዱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ የሚያሰጋው ጥድፊያ ነው። ጁን 28 ቀን 2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ጤና መድን ሕግ ውሳኔ ሲሰጥ የሕዝቡ ጥድፊያ እጅግ በዝቶ የፍርድ ቤቱን ድረ ገጽ ለመክፈት አልተቻለም ነበር። ሲኤንኤን እና ፎክስ ኒውስ ከታተመው ውሳኔ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ አይተው ሕጉ ተሽሯል ብለው አሰሙ፤ ውሳኔው ግን ሕጉን ያጸና ነበር። የፍርድ ቤቱ ገጽ በዝምታ ሲቆይ ክፍተቱን ስሕተት ሞላው።

እንግዲህ ውሳኔ የሚያወጣ ድረ ገጽ በሚፈለግበት ሰዓት መከፈት መቻሉ የደኅንነቱ አንድ ክፍል ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ሰነዱን በብዙ ሰርቨሮች ማባዛት፣ ገጹን ከባድ ሥዕልና ጌጥ ሳይጭኑ ቀላል ማድረግ፣ ከረጅሙ ፍርድ ጋር አጭርና ይፋዊ ማጠቃለያ ማውጣት። ሰነዱን በሰዓቱ የሚለቅቀው ሥራም በአንድ ሰው ጣት ላይ መንጠልጠል የለበትም። አንዱ አዘጋጅቶ ሌላው አይቶ የሚያጸድቅበት ሥርዓት ቢኖር በጁን 2024 የሆነው ዓይነት ስሕተት የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ከወጣ በኋላ

ረጅሙና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥበቃ ይህ ነው። በአማርኛ ʻይገባታልʼ እና ʻአይገባትምʼ የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ነው። አንዲት መበለት በቤቷ ላይ ያላት መብት በእነዚህ ጥቂት ፊደላት ሊጸና ወይም ሊጠፋ ይችላል። ሰነዱ ከወጣ በኋላ እንዳልተለወጠ በምን ይታወቃል?

ለውጡ ከራሱ ከፍርድ ቤቱ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች በተነገሩበት ቀን ከሚወጣው ቅጂ ተነሥተው እስከ መጨረሻው ጥራዝ ድረስ እየታረሙ ይሄዳሉ፤ የሚጸናውም የጥራዙ ቃል ነው። እርማቶቹ ግን ለረጅም ዘመን ያለ ማስታወቂያ ይደረጉ ነበር። በ2014 የሃርቫርድ የሕግ ምሁር ሪቻርድ ላዛረስ ይህን በሰፊው ካጋለጡ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ የተለወጠውን ቃልና የተለወጠበትን ቀን በድረ ገጹ ማመልከት ጀመረ። ማረም ነውር የለበትም፤ ሰው የጻፈው ሁሉ ይታረማል። ተደብቆ ማረም ግን ትናንት ያነበበውን ሰው ዛሬ ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ሰነዱ የሚጠቅሳቸው ምንጮችም ይጠፋሉ። በ2013 የወጣ የሃርቫርድ ጥናት በዚያው ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት የድረ ገጽ አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ወደ ተጠቀሰው ጽሑፍ እንደማያደርሱ አሳየ። ፍርድ ቤቱ አሁን የጠቀሳቸውን ገጾች ቅጂ ራሱ ያስቀምጣል።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛ እጅ የሚያደርገው ለውጥ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ መጀመሪያ ላይ የምናየው ኤችቲቲፒኤስ የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ሰነዱ ከገጹ ወርዶ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ መሄድ ሲጀምር ያ ጥበቃ ያበቃል። ከሰነዱ ጋር አብሮ የሚጓዝ ጥበቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዲጂታል አሻራ ነው፤ ይኸውም ከሰነዱ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ስሌት የአንድ ገጽም ሆነ የሺህ ገጽ ሰነድ አሻራ በ64 ምልክቶች ያወጣል፤ ከሺሁ ገጽ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሁለተኛው የዲጂታል ፊርማ ነው። ፍርድ ቤቱ በእጁ ብቻ ባለ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርማል፤ ማንም ሰው ለሁሉ በተሰጠው ቁልፍ ፊርማው የፍርድ ቤቱ መሆኑንና ሰነዱ ከተፈረመ ወዲህ አለመነካቱን ያረጋግጣል። የአሜሪካ መንግሥት ኅትመት ቢሮ በድረ ገጹ የሚያወጣቸውን የሕግ ሰነዶች በዚህ መንገድ ይፈርማል። በ2011 ለክፍለ ግዛቶች የቀረበው የኤሌክትሮኒክ ሕግ ሰነዶች ሞዴል ሕግም በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ሕጋዊ ሰነድ እንዲረጋገጥ፣ ለዘለቄታው እንዲጠበቅና ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ በጁን 2023 በኒውዮርክ ታይቷል። ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን ከቶ ያልነበሩ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ታዝዘዋል። የተቃራኒ ወገን ጠበቆችና ዳኛው ውሳኔዎቹን ፈልገው ሊያጧቸው የቻሉት እውነተኞቹ የሚገኙበት የታወቀ ቦታ ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በሌለበት ሀገር ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ማን ይለየዋል?

በፍርዱ ስለሚጠሩት ሰዎች

ፍርድ በግልጽ ይነገር ሲባል በውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ገመናው ይገለጥ ማለት አይደለም። ሕፃናት፣ የተደፈሩ ሴቶች፣ ሕሙማን፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች በፍርድ ጽሑፍ ይጠራሉ። በወረቀት ዘመን የእነርሱ ስም በጥራዝ ውስጥ ተሰውሮ ይቀር ነበር፤ ዛሬ በጎግል በአንድ ፍለጋ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ከአባል ሀገራት ፍርድ ቤቶች በጥያቄ በሚቀርቡለት ጉዳዮች የግለሰቦችን ስም ሰውሮ ማውጣት ጀምሯል። በአሜሪካም በዚያው ዓመት የፌዴራል ዳኞች ጉባኤ ኮሚቴ በስደትና በማኅበራዊ ዋስትና ጉዳዮች የተከራካሪውን የራሱን ስምና የቤተሰቡን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ መጻፍን ለፍርድ ቤቶች ሐሳብ አቅርቧል። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ጥገኝነት የጠየቁ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል፤ በይግባኝ ፍርድ ውስጥ የሰፈረው ታሪካቸው በሀገር ቤት ያለ ዘመዳቸው ላይ ችግር እንዳያመጣ ስማቸው እንዲሰወር በጠበቃቸው በኩል በጊዜው መጠየቅ ይችላሉ።

መሰወሩ ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። በጃንዋሪ 2019 በአንድ ታላቅ የወንጀል ጉዳይ በአሜሪካ የቀረበ የጠበቆች ጽሑፍ ምስጢራዊ መስመሮቹ በጥቁር ተሸፍነው ነበር፤ ጋዜጠኞች ግን ጽሑፉን ገልብጠው ወደ ሌላ ገጽ ሲያሳርፉት የተሸፈነው ሁሉ ተነበበ። በማርች 2024ም ትራምፕን በሚመለከት የኮሎራዶ ምርጫ ጉዳይ በወጣው ውሳኔ የሦስት ዳኞች የድጋፍ ሐሳብ ተብሎ የቀረበው ክፍል ቀድሞ የአንዲት ዳኛ ከፊል የልዩነት ሐሳብ እንደ ነበረ ከፋይሉ ውስጥ በቀረው የተሰወረ ቃል ታወቀ። ቀለም ቀብቶ መሸፈን ማጥፋት አይደለም፤ መሰወር ያለበት ቃል ከፋይሉ ፈጽሞ መውጣት አለበት።

አባቶች ያውቁት የነበረ ሥርዓት

ሰነድን ከሐሰተኛ እጅ የመጠበቅ ጥያቄ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የነገሥታት ውሳኔና ስምምነት በገዳማት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ የሚገኘው የወርቅ ወንጌል እንዲህ ያሉ ሰነዶችን በብዛት ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌልም ተመሳሳይ ማስታወሻዎች አሉ። ጸሓፊው ሰነዱ የተጻፈበትን ዘመነ መንግሥት፣ በቦታው የነበሩትን ሹማምንትና ካህናት ስም ይዘረዝራል፤ ቃሉን የሚለውጠውንም በግዝት ያስራል። መጽሐፉ ደግሞ ማንም በግሉ ወስዶ ሊፍቀው የማይችል፣ ማኅበሩ ሁሉ የሚያውቀውና የሚጠብቀው ነው።

በዚያ ልማድ ውስጥ ዛሬ የምንፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ ይታያሉ፤ የታወቀ የማስቀመጫ ቦታ፣ የታወቀ ጊዜ፣ ምስክር፣ ለውጥን የሚከለክል ሥርዓት። የዲጂታል ፊርማም ሥራው ከዚህ አይለይም።

በሀገራችን ያለው ጥያቄ

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ በግልጽ ችሎት እንዲነገር ያዛል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ደነገገ፤ ችሎቱ ወደፊት ሌላ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም፣ ውሳኔዎቹ ታትመው እንዲሠራጩም አዘዘ። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ቢተካም አስገዳጅነቱ እንደ ቀጠለ ነው።

የዚህ ትርጉሙ ከባድ ነው። በሰበር የተሰጠ ቃል በሩቅ ወረዳ የሚከራከረውን ገበሬ ያስገድደዋል። የሚያስገድደውን ቃል አግኝቶ ማንበብ ካልቻለ ወይም ያነበበው እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ በማያውቀው ሕግ ይዳኛል ማለት ነው። ሕዝባችን ʻያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬʼ የሚለው ፍርዱን ሰምቶና አውቆ ስለሚቀበለው ነው።

የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፤ ቅጾቹም በፒዲኤፍ በድረ ገጾችና በቴሌግራም ቻናሎች ይዞራሉ። ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፋይል ማኅተም የለውም። ከመዝገብ ቤት የሚወሰድ ግልባጭ ፊርማና ክብ ማኅተም ሲኖረው፣ በስልክ የደረሰን ገጽ ግን እውነተኛነቱን የሚመሰክርለት የላከው ሰው ብቻ ነው። የቆዩ ሰነዶች ደግሞ በፓወር ግእዝ ወይም በቪዥዋል ግእዝ የተጻፉ ከሆነ ቃላቸው ሲገለበጥ ወደ ማይነበብ ምልክት ይለወጣል፤ ፎቶ የተነሡ ገጾችም በቃል አይፈለጉም። በቅጾቹ የተከራካሪዎች ሙሉ ስም መታተሙም የተለመደ ነው።

ሕጉ መንገዱን ጠርጎታል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። የቀረው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ አስገዳጅ ውሳኔ በመዝገብ ቁጥሩና በቀኑ የሚገኝበት አንድ የማይለወጥ አድራሻ ይኑረው፤ በዩኒኮድ ፊደል ተጽፎ በፍርድ ቤቱ ዲጂታል ፊርማ ይውጣ፤ እርማት ሲኖር ቀኑና የታረመው ቃል ይመልከት፤ በኋላ በተሰጠ ውሳኔ የተለወጠ ትርጉምም በቀድሞው ላይ ምልክት ይደረግበት፤ የሕፃናትና የጥቃት ሰለባዎች ስም ይሰወር፤ ሙሉ ቅጂውም በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ይህ እስኪሆን ድረስ አንባቢውም የራሱ ድርሻ አለው። በስልክ የደረሰንን ውሳኔ ከማመናችንና ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተሰጠበትን ቀንና የዳኞቹን ስም እንመልከት፤ ከታተመው ቅጽ ወይም ከፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ጋር እናስተያየው፤ በኋላ በሌላ ውሳኔ ተለውጦ እንደሆነም የሕግ ባለሙያ እንጠይቅ። ቤት የሚሸጥበት፣ ልጅ የሚታደልበት ወይም ርስት የሚከፈልበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ሳንይዝ አንድ እርምጃ እንኳ አንራመድ። የወንድማችንን ገመና የያዘ የፍርድ ገጽ ሲደርሰንም እውነተኛ መሆኑ ብቻ ለማሠራጨት በቂ ምክንያት እንደማይሆን እናስብ።